ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ዲክላራሲዮኑን ጠይቁ፦ በመኪና ኤክሳይዝ ታክስ ምክንያት ቤተሰባችን ያለፈበት

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በጎንደርና በአካባቢዋ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ገንዘብ ለሚያጠራቅሙ፣ በተለይም ልጆቻቸው ከአረብ አገር ከላኩላቸው ብር ላይ ቀብድ ለመክፈል ለተዘጋጁ ቤተሰቦች ነው። የእኛ ቤተሰብ በ2012 ዓ.ም. በኤክሳይዝ ታክስ ስም የተጠየቀውን ገንዘብ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ለዓመታት የማይወጣው ዕዳ ውስጥ ይገባ ነበር። የዳነው በአንድ ወረቀት፣ መኪናው በጉምሩክ ሲያልፍ በተመዘገበበት ሰነድ (ዲክላራሲዮን) ነው። ያ ወረቀት መኖሩን ቀድሞ የሚነግረን ሰው ስላልነበረ ግን አባቴ በጭንቀት ታመው ነበር፤ ሌላው ሰው በዚያው መንገድ እንዳያልፍ ስል የተማርኩትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ በጎንደርና በመተማ መስመር የጭነት መኪና ሲያሽከረክሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እቤት መቀመጡ ስለከበዳቸው፣ ዱባይ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ አነስተኛ መኪና ገዝቶላቸው ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴሎች እንግዳ እያመላለሱ በኮንትራት እንዲሠሩ አሰበ። የመረጡት በከተማችን መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኘውን፣ ነዳጅም የሚቆጥበውን ቶዮታ ቪትዝ ነበር። ፒያሳ አካባቢ የአንድ መኪና አስመጪ ወኪል ነበር፤ በኅዳር 2012 ዓ.ም. አባቴ እዚያ ሄደው በ470 ሺህ ብር ተስማሙና ግማሹን ቀብድ ከፈሉ። መኪናው ገና በመንገድ ላይ መሆኑና ሲደርስ ቀሪው ተከፍሎ ስም እንደሚዛወር ተነገራቸው። በውሉ ግርጌ ላይ «መንግሥት በሚያደርገው ማንኛውም የታክስ ለውጥ ምክንያት የሚመጣ ልዩነት በገዢ ይሸፈናል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር። አባቴ ያነበቡት ሲሆን ያን ጊዜ ምንም የታክስ ለውጥ ስላልተሰማ ቦታ አልሰጡትም።

በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1995 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት የቤት አውቶሞቢል ኤክሳይዝ የሚለካው በሞተሩ መጠን (በሲሲ) ብቻ ነበር፤ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። የመኪናው ዕድሜ በምጣኔው ላይ ምንም ሚና አልነበረውም። የሃያ ዓመት መኪናም አዲስ መኪናም በመቶኛ እኩል ይከፍሉ ስለነበር አገሪቱ በአሮጌ መኪና መሞላቷ የሚገርም አይደለም፤ ሕጉን ለመለወጥ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ሲሆን እኔም ተገቢ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

በታኅሣሥ አዲሱ ረቂቅ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መመራቱ ተሰማ። ረቂቁ በሞተር መጠን ላይ ዕድሜን ጨመረ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ምጣኔው ይንራል፣ ከሰባት ዓመት በላይ ሲሆነው ደግሞ ከዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሆኖ አጸደቀው። ለአዲስ ትንሽ መኪና ምጣኔው ከ30 ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ ለአሮጌ መኪና ግን እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በከተማችን ወሬው ሁሉ «500 በመቶ» ሆነ፤ የትኛው መኪና፣ ስንት ሲሲ፣ ስንት ዓመት ያገለገለ የሚለውን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነበር። የመኪና ዋጋ በአንድ ጊዜ ዘለለ፤ ከወራት በፊት አገር ውስጥ ገብተው የቆሙ መኪኖች ሳይቀሩ «በአዲሱ ታክስ» ተባለና ተወደዱ።

ወኪሉ ለአባቴ ደውሎ መኪናው መድረሱን፣ ነገር ግን በአዲሱ አዋጅ ምክንያት ተጨማሪ 250 ሺህ ብር እንደሚያስፈልግ፣ ካልተከፈለም ውሉ ፈርሶ ቀብዱ እንደሚያዝ ነገራቸው። በቤታችን የተከተለው ክርክር የብዙ ቤተሰብ ክርክር ይመስለኛል። ወንድሜ ተበድሮ ሊልክ ፈለገ። አጎቴ ቀብዱ ይቅር፣ ገንዘብ ይመጣል አሉ። አባቴ ደግሞ በየቀኑ ወኪሉ ዘንድ እየሄዱ «ሕጉ እኛ ከተዋዋልን በኋላ ነው የወጣው» እያሉ ይከራከሩ ነበር፤ ይህ ክርክር እውነት ቢሆንም በውሉ ግርጌ ያለው ዐረፍተ ነገር ዋጋ ያሳጣዋል። ሁላችንም ስለ አዋጁ እየተነጋገርን፣ በእኛ መኪና ላይ በእርግጥ ምን እንደተከፈለ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው በማራኪ ጎረቤታችን የነበሩ፣ ለረጅም ዘመን በትራንዚተርነት (የሰውን ዕቃ ከጉምሩክ በማስለቀቅ ሥራ) የሠሩ አንድ አዛውንት አባቴን ሊጠይቁ ሲመጡ ነው። ጋሼ የሆነውን ሁሉ በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አዋጁን ለጊዜው ተዪውና ዲክላራሲዮኑን አምጪልኝ። አዋጁ የአገር ነው፤ የእናንተን መኪና ጉዳይ የሚናገረው ዲክላራሲዮኑ ነው» አሉኝ። ዲክላራሲዮን ማለት ዕቃው በጉምሩክ ሲያልፍ የሚመዘገብበት ሰነድ ነው። የመኪናው ዓይነት፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ሲሲው፣ የተሠራበት ዘመን፣ ጉምሩክ የተቀበለው ዋጋ፣ እያንዳንዱ ቀረጥና ታክስ በመቶኛና በብር፣ የተመዘገበበትም ቀን በዚያ ላይ ይገኛሉ። ዋናው ቁልፍ ቀኑ ነው፤ ቀረጥና ታክሱ የሚሰላው ዲክላራሲዮኑ በተመዘገበበት ዕለት በሥራ ላይ በነበረው ምጣኔ ነው እንጂ መኪናው ጎንደር በደረሰበት ወይም ስሙ በሚዛወርበት ዕለት ባለው አይደለም።

ጋሼ በዚያው ማታ ስሌቱንም አስተማሩኝ። ይህን ለሁሉም ሰው ማስተማር ይገባል ብዬ ስለማምን ዘርዘር አድርጌ አቀርበዋለሁ። መኪናው ከመድንና ከማጓጓዣ ወጪው ጋር 100 ሺህ ብር ያወጣል እንበል፤ የጉምሩክ ቀረጡም ለምሳሌ 35 በመቶ ይሁን። 35 ሺህ ሲጨመር 135 ሺህ ይሆናል። ኤክሳይዝ የሚሰላው በ100 ሺው ላይ ሳይሆን በዚህ በ135 ሺው ላይ ነው፤ በቀድሞው 30 በመቶ 40,500 ብር ሲሆን ድምሩ 175,500 ይሆናል። በዚህ ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 26,325 ብር ይታሰባል፤ በ201,825ቱ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ (ተደራቢ ታክስ)። በመጨረሻ በመጀመሪያው 100 ሺህ ላይ 3 በመቶ ቅድመ ግብር ይጨመርና መኪናው 225,007 ብር ከ50 ሳንቲም ላይ ይቆማል። አሁን የቀረውን ሁሉ ሳትነኩ ኤክሳይዙን ብቻ 400 በመቶ አድርጉት፤ ኤክሳይዙ 540 ሺህ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 101,250፣ ሱር ታክሱ 77,625፣ ጠቅላላውም 856,875 ብር ይሆናል። 5 በመቶ ብታደርጉት ደግሞ ጠቅላላው 182,313 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። ታክሱ በታክስ ላይ እንደ እንጀራ እየተነባበረ ስለሚሄድ፣ ኤክሳይዝ በአንድ ብር ሲጨምር ከፋዩ የሚያወጣው 1 ብር ከ26 ሳንቲም ተኩል ነው። «ኤክሳይዙ ይህን ያህል በመቶ ነው» የሚለውን ወሬ ይዞ በመኪናው ዋጋ ላይ በቀጥታ ማባዛት ሁልጊዜ የተሳሳተ ውጤት የሚሰጠው ለዚህ ነው። ይህ ስሌት በዚያን ጊዜ የነበረው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመሩና የተለወጡ ክፍያዎች ስላሉ የዛሬውን ዝርዝር ከጉምሩክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የመደራረቡ ሥርዓት ግን ያው ነው።

ስሌቱን ከተረዳሁ በኋላ የወኪሉ 250 ሺህ ብር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ቁጥሮቹን በተለያየ መንገድ ደጋግሜ አሰላኋቸው። በአዲሱ አዋጅ ቢሆን ልዩነቱ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ መሆን ነበረበት፤ በአሮጌው ቢሆን ደግሞ ልዩነት ሊኖር አይገባም። 250 ሺህ ከየትኛውም ሕግ ጋር አይገጥምም ነበር። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያው ወረቀቱን የማያሳያችሁ በምክንያት ነው» አሉ።

ወኪሉ ዲክላራሲዮኑን ስንጠይቀው በመጀመሪያ አዲስ አበባ ነው አለ፤ ቀጥሎም የድርጅት ምስጢር ነው አለ። እዚህ ላይ ለአንባቢዎች በጥብቅ የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ፣ በቃልም ብቻ አትጠይቁ። እኛ የምናውቀው ጠበቃ አጭር ደብዳቤ ጻፈልን። ደብዳቤው ማንንም አይከስም ነበር፤ «በውሉ መሠረት የታክስ ልዩነት እንድንከፍል ስለተጠየቅን፣ ልዩነቱን የሚያሳየውን የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ እንዲሰጠን» ብቻ ይላል። እስከዚያች ቀን ሲጎዳን የቆየው የውሉ ዐረፍተ ነገር በዚህ ጊዜ ለእኛ ሆነ፤ ልዩነት እንድንሸፍን የሚያስገድደን ከሆነ ልዩነት መኖሩን የማሳየት ግዴታ የሻጩ ነውና። ደብዳቤውን አስፈርመን ሰጠን፣ ቅጂውንም ያዝን። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገቡ። ሽማግሌዎቹም ወኪሉን የጠየቁት ወረቀቱን እንዲያመጣ ብቻ ነበር።

ሲመጣ ዲክላራሲዮኑ የተመዘገበው በጥር ወር፣ አዋጁ ገና ሳይጸድቅ ነበር። ኤክሳይዙ በ30 በመቶ ተሰልቶ ተከፍሏል። የመኪናው ሞተር 1,298 ሲሲ ስለሆነ በዝቅተኛው ምድብ ነበር ያለፈው። የታክስ ልዩነት የሚባል አንድም ሳንቲም አልነበረም። ወኪሉ በኋላ ላይ የሰጠው ምክንያት አስመጪው ቀጣዩን መኪና የሚያመጣው በውድ ዋጋ ስለሆነ ኪሳራውን ማካካስ ነበረበት የሚል ነው። ነጋዴ ለነገ መጨነቁ ይገባኛል፤ ያልተከፈለን ታክስ እንደተከፈለ አድርጎ ከአንድ ጡረተኛ መጠየቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ሽማግሌዎቹ መኪናው በተዋዋልነው ዋጋ እንዲሰጠን ወሰኑ፤ አባቴ ቀሪውን ከፍለው ስሙ ተዛወረ። ብዙም ሳይቆይ ኮሮና ገብቶ የቱሪስቱ ሥራ ቆመ። ተጨማሪውን 250 ሺህ በብድር ከፍለን ቢሆን ኖሮ በዚያ ጊዜ ምን እንሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች እየመጡ ስለሚያማክሩኝ በተደጋጋሚ የማያቸውን ጉዳዮች ልጥቀስ። የመጀመሪያው ሲሲ ነው። ቪትዝ ሁሉ አንድ አይደለም፤ 1.0፣ 1.3 እና 1.5 የሚባሉ አሉ። 1.3 ከሚባሉት 1,298 ሲሲ የሆነው ከ1,300 በታች ሲውል፣ 1,329 ሲሲ የሆነው 1.3 እና 1,497 ሲሲ የሆነው 1.5 ወደ ላይኛው ምድብ ያልፋሉ። ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ በታክስ ግን የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ደላላው የሚነግራችሁን ሳይሆን በሊብሬውና በዲክላራሲዮኑ ላይ የተጻፈውን ተመልከቱ፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ለምን እንደሆነ ሳታጣሩ አትፈርሙ።

ሁለተኛው የመኪናው ዕድሜ ነው። አዲሱ አዋጅ ዕድሜን የምጣኔ መለኪያ ስላደረገ አንድ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች የሻንሲ ቁጥር ላይ ዘመኑን የሚያሳይ ፊደል የለም፤ ከጃፓን ሲወጡ የሚሰጠው የኤክስፖርት ሰርተፊኬት ግን መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበትን ዓመትና ወር ይይዛል። አስመጪ የዚህን ሰነድ ቅጂ ማሳየት አይቸግረውም። እንዲሁም ጉምሩክ የሚያሰላው እናንተና ሻጩ በተስማማችሁበት ዋጋ ሳይሆን ራሱ በተቀበለው ዋጋ ላይ መሆኑን አስታውሱ፤ በደረሰኝ ላይ ትንሽ ዋጋ ስለተጻፈ ታክሱ ያንሳል የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ሦስተኛው፣ በጎንደር እጅግ የተለመደውና ከእኛም ጉዳይ የከፋው፣ ከቀረጥ ነፃ የገቡ መኪኖች ጉዳይ ነው። ከተማችን የቱሪስት ከተማ ስለሆነች በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ያለ ቀረጥና ያለ ኤክሳይዝ የገቡ የአስጎብኚ መኪኖች አሉ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንዳንዶቹ በርካሽ ይቀርባሉ። እንዲህ ያለው መኪና ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ከመተላለፉ በፊት ያልተከፈለው ቀረጥና ታክስ መከፈል አለበት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ላንድክሩዘር ሊገዛ ሲል ሻጩ «ስሙን ማዛወር አያስፈልግም፤ ሙሉ ውክልና እሰጥሃለሁ፣ እንደ ራስህ ንዳው» አለው። ባልደረባዬ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አማከረኝና አብረን ሄደን ጠየቅን። ሞተሩ ትልቅ በመሆኑ ኤክሳይዙ የሚወድቀው በከፍተኛው ምድብ ነበር፤ ሲሰላም መኪናው ርካሽ የመሰለው ታክሱ ስላልተከፈለ ብቻ መሆኑ ታወቀ። ውክልና የባለቤትነት ማስተላለፊያ አይደለም። የቀረጥ ነፃ መብትን ለሌላ ሰው በዚህ መንገድ ማስተላለፍ በሕግ ያስጠይቃል፤ መኪናውም ሊያዝ ይችላል። ሊብሬው ላይ ከቀረጥ ነፃ የሚል ማስታወሻ ካያችሁ፣ ወይም ሻጩ ስለ ውክልና ደጋግሞ ካነሳ፣ ቀረጥና ታክሱ መከፈሉን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከጉምሩክ ሳታገኙ ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።

አሁን ገበያው ሌላ መልክ ይዟል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ የተተወው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ነበር። ከላይ ያሳየኋችሁን መደራረብ ካስታወሳችሁ ይህ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ይገባችኋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህም ምክንያት አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ነው፤ ሻጩም ከስንት ባለቤት በኋላ «ይህ መኪና በአዲሱ ኤክሳይዝ ነው የገባው» ብሎ ዋጋ ሊሰቅል ይችላል። መልሱ ያው ነው፤ በየትኛው ምጣኔ እንደገባ ዲክላራሲዮኑ ይናገራል።

ውል የምትፈርሙ ከሆነ፣ ለእኛ ጠበቃው በኋላ ያረቀቀልንን ዓይነት ዐረፍተ ነገር አስገቡ፦ «የታክስ ልዩነት ተፈጠረ የሚል ጥያቄ የሚቀርበው ሻጭ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንና የክፍያ ደረሰኙን ቅጂ ለገዢ ሲያስረክብ ብቻ ነው፤ ልዩነቱም በእነዚህ ሰነዶች ላይ ከሚታየው አይበልጥም። ገዢ ልዩነቱን ለመክፈል ካልፈለገ ቀብዱ ሳይቀነስ ይመለስለታል።» ሻጩ ይህን ለመፈረም እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። መኪናውን ከተረከባችሁም በኋላ የዲክላራሲዮኑን ቅጂ ከሊብሬው ጋር በአንድ ፖስታ አስቀምጡ። አባቴ ዘንድሮ ዓይናቸው ደክሞ መኪናውን ሲሸጡ፣ ገዢው ከዋጋው አስቀድሞ የጠየቃቸው ይህንኑ ቅጂ ነበር።